ዘጠኝ ቀን ያለ ሱዳን

አያ ይኸነው ልጃቸው መሞቱን ያወቁት በየትኛው ቀን ይሆን?

ልመልሰው ያልቻልኩት ጥያቄ ይህ ነው። ማክሰኞ ነው እላለሁ፤ ከዚያ ዓርብ ትዝ ይለኛል፤ ከዓርብ ደግሞ ሰኞ ያመዝንብኛል። ራሳቸውን መጠየቅ ነበር የሚቀለው። ግን ያን ጊዜ መጠየቅ መርዶ መንገር ይሆን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠየቁ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን በቀን በቀኑ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ መንገድ የለኝም።

አያ ይኸነው ዳንግላ ውስጥ ባለጋሪ ናቸው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። የተወለዱት ከእንጅባራ ወዲያ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ወርደው እንጂ ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም። ሰውን በአማርኛ ያናግራሉ፤ ዳማ ፈረሳቸውን ግን በአፍ መፍቻቸው በአውኛ ብቻ ነው። ለምን ሲባሉ፣ «በአማርኛ ካናገርኩት ገበያ የወጣን ይመስለውና ዋጋ ሊከራከረኝ ነው» ይላሉ። ረዥም ናቸው፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎብጧል፤ ዝናብም ሆነ ፀሐይ አንድ አሮጌ ካፖርት አይለያቸውም።

ሚስታቸው ወይዘሮ ሸጋ ይባላሉ። ሴቷ ልጃቸው ፍቅርአዲስ አግብታ እንጅባራ ትኖራለች። ወንዱ ልጅ ምንይችል የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ አንድ ዓመት ሙሉ አጥር ተደግፎ ዋለ። በመጨረሻ አያ ይኸነው ከነበሯቸው ሁለት ፈረሶች አንዱን ሸጠው ብሩን እጁ ላይ አደረጉለት። ልጁ ይሄይስ ከሚባል የጫግኒ ጓደኛው ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ኦምዱርማን ውስጥ ዳቦ ቤት ተቀጠረ። ስድስት ወር እንደሠራ ጦርነቱ ተነሣ። «መንገዱ ይከፈት እንጂ እመጣለሁ» ይል ነበር በስልክ። መጀመሪያ በየአስራ አምስት ቀኑ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ፤ ከዚያ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ብቻ።

ከጦርነቱ በፊት አያ ይኸነው የወሬ ሰው አልነበሩም። «እኔ የፈረሴን ሆድ እንጂ የመንግሥትን ሆድ አላውቅም» ይሉ ነበር አሉ። ጦርነቱ በተነሣ በሳምንቱ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ ገዙ። ከእሷ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኦምዱርማንን ስም። ነገር ግን ሬዲዮ እንደ ሱቅ የጠየቁትን ብቻ አያቀብልም። የሱዳን ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት አሜሪካ አለ፣ ዩክሬን አለ፣ ጋዛ አለ፣ የቻይና ቀረጥ አለ። መጨረሻውን ለመስማት መጀመሪያውን መታገሥ ነበረባቸው። በዚህ ዓይነት፣ ሳይፈልጉት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የዓለምን ነገር እንደ እሳቸው የሚያውቅ ሰው ጋሪ ተራው ላይ ጠፋ።

ጋሪ ተራው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። እኔ የምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት በር ወደዚያው ስለሚከፈት የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ተሳፋሪውን ባጃጅ ከወሰደባቸው ወዲህ ለባለጋሪዎቹ የቀራቸው ከሰል፣ እህልና ሲሚንቶ ነው፤ ጭነት እስኪመጣ የሚጠብቁበት ጊዜም ረዥም ነው። ፈረሶቹ ድርቆሽ ያላምጣሉ፣ ሰዎቹ ወሬ።

እዚያ ማንም ያልጻፋቸው ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፣ የቅርብ አይወራም። ትናንት ማን ተወሰደ፣ መንገዱ ላይ ማን ቆሟል፣ ተኩሱ ከየት ነበር የሚባል ነገር የለም፤ የሰው ጆሮ አይታወቅም። ወሬ የሚጀምረው ከድንበር ወዲያ ነው። ከከተማው ዳር ተኩስ ሲሰማ እንኳ አስማረ የሚባለው ባለጋሪ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ኪየቭ ናት» ይላል። ሁሉም ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ የፈረሶቹ ማላመጥ ብቻ ይሰማል። በራሳችን ላይ ልናለቅሰው የሚገባንን ሁሉ የምናለቅሰው በሩቅ ሰው ላይ ነበር። እንዲወራባቸው ከተፈቀዱት አገሮች ሁሉ ቅርቧ ሱዳን ነበረች።

ሁለተኛው ሕግ፣ ተራ አይዘለልም። ሚስትህ ብታምጥ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ባለጭነቱ ወንድምህ ቢሆን ተራህን ትጠብቃለህ። ሳይሰለፍ የሚጭን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቤቱ ሰው ሞቶበት ልቅሶውን ጨርሶ የተመለሰ ባለጋሪ። በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን የፊተኞቹ ፈረሶቻቸውን ወደ ጎን ይስቡለታል፤ እሱም ምንም ሳይል ይጭናል።

በደህናው ጊዜ ወሬው እንዲህ ነበር።

«አያ፣ ዛሬ ዩክሬን ስንት ቀበሌ ቀራት?» ይላል አስማረ።

«ቀበሌ አይባልም፤ ግዛት ነው።»

«ቀበሌ ከሌላቸው መታወቂያ የት ያወጣሉ ታዲያ?»

«አንተ ዘንድ ይምጡ። በጋሪ ስታዞራቸው ውለህ ‹ዛሬ ኃላፊው የሉም› ትላቸዋለህ።»

መምህር ፀጋው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ አሉ። ጋሪ የላቸውም፤ የሚመጡት ለወሬው ነው። በከዘራቸው ጭቃው ላይ ካርታ ይስላሉ። አንድ ቀን «ይኸውላችሁ፣ ይህ ጥቁር ባሕር ነው» ብለው ክብ ሲሠሩ የአስማረ ፈረስ ሸናበት። «አሁን ሞላ መምህር፣ ይቀጥሉ» አላቸው አስማረ።

ቢሆንም ክርክሩ የምር ነበር። አያ ይኸነው አንድ ወሬ ሲያመጡ አስማረ ሳይቃወም አያልፍም።

«ማን አለ?»

«የጀርመኑም የለንደኑም ሬዲዮ ብለዋል።»

«ሁለቱም ወሬውን ከአንድ ሴትዮ ነው የሚገዙት። እኔ አላምንም።»

ሱዳን ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ «ሁለቱ ጄኔራሎች ጭነት ተሻምተው ነው፤ ተራ አስከባሪ የላቸውም» ይላል። አያ ይኸነው በዚህ አይስቁም፤ ግን ይመልሳሉ፤ እሱም ይመልሳል። ያልተከራከሩበት ወሬ ጋሪ ተራው ላይ ወሬ ተብሎ አይቆጠርም።

ይሄይስ የአስማረ የእህት ልጅ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሱዳን ውስጥ ወደ ድንበሩ ካለችው ከገዳሪፍ ደወለ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወድቆ ምንይችል እዚያው ቀርቷል። ከሞተ አስራ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ የዘገየው ይሄይስ ስልክ የሚሠራበት አገር እስኪደርስ ነው። አስማረ ስልኩን ዘጋና ከጋሪው ሥር ገብቶ ተቀመጠ። አያ ይኸነው ያን ሰዓት ከሰል ጭነው ሄደው ነበር።

መምህር ፀጋው ባለጋሪዎቹን ሰብስበው ተናገሩ፤ እኔም በሬ ላይ ቆሜ ሰማሁ። «የሸጋ ወንድም ሳይመጣ፣ ፍቅርአዲስ ሳትመጣ፣ እናቲቱን ማን ይዟት ነው የሚነገራት? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በወጉ ይረዳሉ።» ዘመዱ ሁሉ ያለው በእንጅባራ በኩል ነው። የእንጅባራ መንገድ ደግሞ ከእሑድ ጀምሮ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። «እስኪከፈት አፋችንን እንይዛለን» አሉ መምህር። «በተለይ አንተ፣ አስማረ።»

እኔ በአያ ይኸነው ግቢ የኋላውን ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ሬዲዮዋ ሁልጊዜ ምሽት አራት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። በዚያ ማክሰኞ የኦምዱርማን ስም ተነሥቶ ነበር፤ የሞቱት ቁጥር ተነግሯል፤ ሬዲዮ የሞተ ሰው ስም አይጠራም። ወሬው ሲያልቅ ሬዲዮዋ አልተዘጋችም። ምንም የሌለበት፣ ጩኸት ብቻ የሚሰማበት ቦታ ላይ እንደሆነች ነጋ። ማክሰኞ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሬዲዮዋን ጋሪው ላይ ሰቅለው መጡ። «ትናንት ሱዳን ውስጥ…» ብለው ሲጀምሩ አስማረ ቀደማቸው።

«አያ! የቬንዙዌላ ነገር እንዴት ሆነ?»

«የምን?»

«ቬንዙዌላ። አሳስቦኛል።»

«አንተን ቬንዙዌላ ምን አድርጋህ ነው የምታሳስብህ?»

«እንዴ፣ ሰው አይደሉም?»

«የት እንዳለች ታውቃለህ?»

«እሱን መምህር ይንገሩዎት። እኔ ያዘንኩት ለሕዝቡ ነው፣ ለመንገዱ አይደለም።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አያ ይኸነውም ሳቁ። መምህር ፀጋው ደቡብ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ጭቃው ላይ ሳሉ። ሐሙስ ደግሞ የጃፓን ምርጫ ተጠየቀ። ሱዳን የሚለው ቃል በተጀመረ ቁጥር አንዱ ያስላል፣ አንዱ የፈረሱን ሰኮና ሊያይ ያጎነብሳል፣ አንዱ ሽንቱ ይመጣበታል። አፍ ስንይዝ አፍ የያዝን መምሰላችንን አላወቅንም።

ዓርብ ዕለት ሲሚንቶ መጣ። ከአያ ይኸነው ፊት አራት ጋሪዎች ተሰልፈው ነበር፤ የመጀመሪያው የአስማረ ነው። አያ ይኸነው ወደ እሱ ቀረብ ብለው፣ «ከይሄይስ ዘንድ ወሬ የለም? የኔው ልጅ ስልክ ወር አለፈው» አሉት።

አስማረ ተደናገጠ። የሚሸሽበት ሲያጣ ሲሚንቶውን አየና፣ «አያ፣ እርስዎ ይጫኑ» አለ።

«ተራው ያንተ አይደል?»

«ይጫኑ ግድ የለም።»

ከእሱ ኋላ የነበሩት ሦስቱም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ፈረሶቻቸውን ወደ ጎን ሳቡ። ያደረጉት አስበውበት አይደለም። ለአራት ቀን ያመቁት ሐዘን በእጃቸው በኩል ወጣ። አያ ይኸነው አራቱን ፈረሶች አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ዳማውን በአውኛ አንድ ቃል ተናገሩት፤ ወደ ፊት አለፉ፤ ምንም ሳይሉ ጫኑ።

ጋሪው ከታጠፈ በኋላ መምህር ፀጋው በዝግታ፣ «ምን አደረጋችሁ?» አሉ።

ለአስማረ ያን ጊዜ ነው የገባው። ጅራፉን መሬት ላይ ጣለና «ወይኔ፣ ወይኔ» አለ።

በማግስቱ ሊያስተካክለው ሞከረ። የገበያ ቀን ነበር፤ እህል ሲመጣ አያ ይኸነው ገና ከቦታቸው ሳይንቀሳቀሱ ጮኸባቸው። «አያ፣ ተራዎን ይጠብቁ! እዚህ ትልቅ ትንሽ የለም!» ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። አያ ይኸነው «እሺ» አሉት። ስለ ይሄይስ ዳግመኛ አልጠየቁም። በዚያን ቀን ያወሩት ስለ አሜሪካ ብቻ ነው፤ ስለ ቀረጡ፣ ስለሚባረሩት ስደተኞች። እንደ ወትሮው አስተካክለው ነው ያወሩት። ፊታቸው ግን እንደ ተቀቀለ ድንች አመድማ ሆኗል፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድመው መጡ። ሰዎቹ እስኪሟሉ ቆዩና፣ «ዛሬ ትልቅ ወሬ አለ» አሉ።

«ምን አያ?»

«ሱዳኖች ታርቀዋል። ሁለቱ ጄኔራሎች ተፈራርመዋል። ኦምዱርማን ሕዝቡ መንገድ ወጥቶ ሲጨፍር ነው ያደረው። ድንበሩ በሳምንት ውስጥ ይከፈታል።»

እሑድ ማታ የጀርመኑንም የለንደኑንም እኔም ሰምቼ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ማንም አላወራም።

ሁሉም ወደ አስማረ ዞሩ። አስማረ የፈረሱን ልጓም ይዞ መሬት መሬት እያየ፣ «እሰይ» አለ። «እሰይ አያ፣ ተመስገን።»

«ማን አለ አትለኝም?»

«እርስዎ ካሉ ለእኔ በቃኝ።»

«መምህርስ ምን ይላሉ?»

መምህር ፀጋው ከዘራቸውን አላነሡም። «መልካም ወሬ ነው፣ ይኸነው» አሉ። «መልካም ወሬ ነው።»

አያ ይኸነው ቆመው ጠበቁ። የሚጠብቁት ምን እንደነበር ሁላችንም ያወቅን ይመስለኛል። አንድ ሰው «ውሸት ነው» እንዲላቸው። አንድ ሰው እንዲስቅባቸው፣ «አያ አረጁ፣ ጆሮዎ ደከመ» እንዲላቸው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንድ ቃል ትበቃ ነበር። አላወጣኋትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሬዲዮዋን ከጋሪው አወረዱ፣ የባትሪ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ፣ «ደክሟል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ወሬ አላመጡም።

ሊፈትኑን ብለው የፈጠሩት ወሬ ነው ብዬ አምን ነበር። ግን ሌላም ይመጣብኛል። ስድስት ሌሊት ያልተኛ ሰው በሬዲዮ ጩኸት ውስጥ የሚፈልገውን ቢሰማ ምን ይገርማል? ምናልባት እውነት ሰምተውት፣ እውነት አምነውት፣ ደስታቸውን ሊያካፍሉን መጥተው ይሆናል፤ ያየነው ደግሞ ደስታው ፊታችን ላይ ሲሞት ነው። ይህን ሳስብ ሰኞ የሚለው መልስ ከሁሉም ይከብደኛል። ብቻ በዚያው ምሽት በግድግዳው በኩል ወይዘሮ ሸጋ «ዛሬ ወሬ የለም?» ሲሉ ሰማሁ። አያ ይኸነውም «የለም» አሉ። እርቅ ቢኖር ለእናቲቱ አይነገርም ነበር?

ካወቁ፣ ያን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አሉ? ለዚህ እንኳ መልስ ያለኝ ይመስለኛል። እሳቸው ከጠየቁ የተጠየቀው ሰው መመለስ ነበረበት፤ ከመለሰ ደግሞ ወይዘሮ ሸጋ ያለ ወንድም፣ ያለ ልጅ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሊረዱ ነው። እኛ እሳቸውን እየጠበቅን መስሎን ነበር፤ እሳቸው ሚስታቸውን እየጠበቁ ነበር።

መንገዱ ረቡዕ ከሰዓት ተከፈተ። የወይዘሮ ሸጋ ወንድምና ፍቅርአዲስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሰው መምህር ፀጋው ቤት አደሩ። ሐሙስ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ የምንሆን ሰዎች ወደ ግቢው ገባን። ብርድ ነበር፤ ጉሙ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ውጧቸዋል። አያ ይኸነው ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። መምህር ፀጋው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «ሸጋ ውስጥ ናት» አሉ። «መጀመሪያ ወንድሟ ይግባና ይያዛት።»

ወንድምየው ገባ። ፍቅርአዲስ ገባች። ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም፤ የእናት ጩኸት የትም አንድ ነው። ጎረቤቱ በየአጥሩ ብቅ እያለ ግቢው ሞላ፤ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡ። የሚቀበር ሬሳ ስላልነበረ የተለቀሰው በአንዲት ፎቶግራፍ ላይ ነው፤ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተነሣት ጉርድ ፎቶ፣ እኔው አስፍቼ ያተምኳት።

አስማረ እግራቸው ሥር ወደቀ። «አያ፣ እኔ ነኝ የደበቅኩዎት። ይማሩኝ።»

አነሡት። «ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» ብለው ጠየቁት።

«በሩ ላይ ነው። ዳቦ ሊያወጣ።»

«ማን ቀበረው?»

«ይሄይስ። ሁለት የሰፈሩ ሰዎችም አግዘውታል።»

«በወጉ?»

አስማረ ጉልበቱ ላይ የያዘውን ጭቃ ጠረገ። «በወጉ» አለ።

አያ ይኸነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንኳኑ ውስጥ ከተጎዘጎዘው ገለባ ላይ ተቀመጡ። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል፤ እሳቸው ለሁሉም «አሜን» ይላሉ። እንባ አላየሁባቸውም። እኩለ ቀን ላይ ከገጠር የመጡት አልቃሾች ሙሾ ሲያወጡ ድንኳኑ ሁሉ ተናወጠ፤ እሳቸው ግን ቀስ እያሉ ወደ ጎን ያዘነብሉ ጀመር። መጀመሪያ በክርናቸው ተደገፉ፣ ከዚያ ካፖርታቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን አጠፉ። አንዲት የሩቅ ዘመድ አየቻቸውና፣ «ኧረ ነውር ነው! አባት ልጁ ሞቶ ይተኛል? ቀስቅሱት እንጂ» አለች።

ወይዘሮ ሸጋ ፊታቸውን ከነጠላቸው አወጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል። «ተዉት» አሉ። «ካልተኛ ዘጠኝ ሌሊቱ ነው።»

አልቃሾቹ አላቋረጡም፤ የቀሰቀሳቸውም የለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አያ ይኸነው እንቅልፍ ወሰዳቸው።